መምህር የምትሆነው የማን ልጅ ናት?

 በዚህ እትም የማነሣው ጉዳይ ሲታይ የትምህርት ሚኒስቴር እንጂ የባልና ሚስት ጉዳይ አይመስልም። ጉዳዩ የመምህራን እጥረት ነው። እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር ይህ ነገር የሚወሰነው ከቢሮ ይልቅ በየቤታችን፣ የልጅ ውጤት በመጣበት ምሽት፣ አባትና እናት ልጃቸውን መሐል አስቀምጠው በሚነጋገሩበት ሰዓት እንደሆነ እየታየኝ መጥቷል። ስለዚህ ባለትዳሮች ይህን ገጽ አትለፉት።

እስቲ ከቁጥሩ እንጀምር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት ዓለማችን እስከ 2030 ድረስ 44 ሚሊዮን ተጨማሪ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ያስፈልጓታል። ከእነዚህም 15 ሚሊዮን ያህሉ የሚያስፈልጉት ከሰሐራ በታች በሚገኙት የአፍሪካ አገሮች ነው። ከዚህ ቁጥር ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ በዚያው ዘገባ ውስጥ ያለው ሌላ ቁጥር ነው። በዓለም ዙሪያ ሥራቸውን ጥለው የሚሄዱት የአንደኛ ደረጃ መምህራን እ.ኤ.አ. በ2015 ከመቶ 4.6 ነበሩ፤ በ2022 ግን 9.1 ደርሰዋል። እጥፍ ማለት ነው። እንግዲህ በሚያፈስ እንስራ ውኃ እየቀዳን ነው። አዲስ መምህር የመቅጠሩን ያህል ያለውን ማቆየት ከባድ ሆኗል፤ ይህም በድሃ አገር ብቻ ሳይሆን በሀብታሙም አገር የሚታይ ነው።

የእኛን አገር ስናይ ደግሞ ነገሩ የራሱ ታሪክ አለው። ኢትዮጵያ መምህር በቸገራት ጊዜ ሁሉ ከየት ታመጣ እንደነበር አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ አስተማሪዎቹ የመጡት ከግብፅ ነው። የአውሮፓ ሰው ቢመጣ ሕዝቡን ሃይማኖት ያስለውጣል የሚል ስጋት ስለነበረ ካህናቱን ለማረጋጋት ኮፕቶች ተመረጡ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተማረው ሰው አልቆ ስለነበር እንደገና ከዜሮ መጀመር ግድ ሆነና በ1936 ዓ.ም. ገደማ በዚያው በምኒልክ ትምህርት ቤት የመምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየጠቅላይ ግዛቱ ሲስፋፉ ደግሞ ከህንድ፣ በተለይም ከኬራላ፣ ብዙ መምህራን መጡ። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ካገኛችሁ ስለ ህንዳዊው የሒሳብ መምህሩ ጠይቁት፤ አነጋገሩን እያስመሰለ ሳይነግራችሁ አይቀርም።

በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች መጡ። የመጀመሪያዎቹ ወደ 280 ይጠጉ ነበር፤ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ጥቂት በነበረበት በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። ከዚያም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ተወሰነ፤ አብዛኞቹም ያገለገሉት በማስተማር ነበር። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ተከተለ። በእነዚህ ዘመቻዎች ማንበብ የተማረ ብዙ ሰው በየቤተ ክርስቲያናችን ዛሬም አለ፤ ውለታው የሚካድ አይደለም።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ግብፃዊው፣ ህንዳዊው፣ አሜሪካዊው፣ ዘማቹ፣ ሁሉም መጥተው የሚሄዱ ነበሩ። ቀዳዳው ይደፈናል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን እንደገና ይከፈታል።

ለፍትሕ ስንል ግን መጨመር ያለብን ነገር አለ፤ በዚያ ዘመን ኢትዮጵያዊው መምህር ራሱ ክብር ነበረው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ የአገሪቱ መንግሥት ተናግቷል። ጥያቄያቸው የደመወዝ ብቻ አልነበረም፤ «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ የድሃውን ልጅ ይጎዳል ብለው ተቃውመው ነው። መምህር ሲያኩርፍ ቤተ መንግሥት የሚደነግጥበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። ዛሬ መምህር ቢያኮርፍ የሚደነግጠው የቤት አከራዩ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው ከወጣ በኋላ ትምህርት ቤት በየቀበሌው ተከፈተ። በ1987 ዓ.ም. ወደ 3 ሚሊዮን የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በ2007 ዓ.ም. ከ18 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በሃያ ዓመት ስድስት እጥፍ! ከብት ጠባቂው ልጅ፣ ውኃ ቀጂዋ ልጅ ደብተር ያዙ። ይህ ምስጋና የሚገባው ነገር ነው። እንግዲህ ለዚህ ሁሉ ልጅ መምህር ከየት ይምጣ? ኮፕቱም ህንዱም አይበቃም። መልሱ የተገኘው በአሥረኛ ክፍል ፈተና ውስጥ ነው። ጥሩ ውጤት ያመጣው መሰናዶ ይገባ ነበር፤ ያልመጣለት ደግሞ አንድ ዓመት ሠልጥኖ፣ ኋላ ላይም ሦስት ዓመት ሠልጥኖ፣ መምህር ይሆን ነበር። በየቤታችን «ካልሆነ ቲቲአይ ትግባ» የሚባለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ነው። «ካልሆነ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። አገሪቱ ለሚሊዮኖች መምህር ያገኘችው በ«ካልሆነ» ነው።

እንዲህ ስል በዚያ መንገድ ያለፉትን መምህራን ለማቃለል አይደለም፤ ጌታ ይከልክለኝ! በዚያ ውጤት ገብተው፣ እንደ ሻንጣ ከወረዳ ወረዳ እየተጣሉ፣ ልጆቻችንን ፊደል ያስቆጠሩ ናቸው። እኔ የምለው ሥራው በምን ዓይን እንደታየ ነው። ልጅ ሳለን «ስታድጉ ምን ትሆናላችሁ?» ስንባል ግማሻችን «አስተማሪ» እንል ነበር፤ በጠመኔ ግድግዳ ላይ የጻፍን፣ ታናናሾቻችንን አስቀምጠን በቀጭን ዱላ ያስፈራራን ስንት ነን! ዛሬ በሰንበት ትምህርት ቤት ይህን ጥያቄ ጠይቁ። ዶክተር፣ ፓይለት፣ ኢንጂነር፣ «ሶፍትዌር» የሚል አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃንም አለ። አስተማሪ የሚል ካገኛችሁ ያልታደለ ተብሎ ይሳቅበታል።

ያዕቆብ በመልእክቱ ሦስተኛ ምዕራፍ መግቢያ ላይ ብዙዎች አስተማሪ ለመሆን እንዳይቸኩሉ ይመክራል፤ ምክንያቱም ፍርዱ የከበደ ስለሆነ ነው። የእኛ ቤተሰቦች ይህን ምክር በደንብ ጠብቀዋል። ምክንያታቸው ግን ፍርዱ ሳይሆን ደመወዙ ነው።

መምህሩ ክፍል ሲገባ ምን ይጠብቀዋል? አገራችን ለአንድ ክፍል ያወጣችው መመዘኛ በአንደኛ ደረጃ 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ነው። ከመመዘኛው በላይ የሆነ ክፍል እንዳለ ልጆቻችሁ ይነግሯችኋል። እንበልና 60 ተማሪዎች ያሉበት ክፍል ይኑር፤ የአንድ ክፍለ ጊዜ ርዝመት 40 ደቂቃ ይሁን። ለእያንዳንዱ ልጅ 40 ሰከንድ ይደርሰዋል ማለት ነው፤ ያውም ስም ሳይጠራ፣ ሰሌዳ ሳይጠፋ። የቤት ሥራ ማረም ቢፈልግስ? ለአንድ ደብተር ሁለት ደቂቃ ብንሰጠው ለአንድ ክፍል ሁለት ሰዓት ነው። አራት ክፍል የሚያስተምር ከሆነ ስምንት ሰዓት። «የልጄን ደብተር አላረመም» ብላችሁ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ይህቺን ሒሳብ አስሏት።

ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶ የነገረው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ዮቶር ያለው «ሰው ጨምር» ብቻ አይደለም። ሺህ፣ መቶ፣ ሃምሳ፣ አሥር እያለ ቁጥሩን አስቀመጠ፤ አስቀድሞ ግን ምን ዓይነት ሰዎች እንደሚመረጡ ተናገረ። እኛ አገር ቁጥሩን ይዘን ምርጫውን ረሳነው።

በምርጫው ፈንታ ሌላ መላም ተሞክሮ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ገባ። የሚያስታውሱ ያስታውሱታል፤ መምህሩ ክፍለ ጊዜውን በጥቂት ደቂቃ ይከፍታል፤ ከዚያ በሳተላይት የሚመጣው አስተማሪ ሠላሳ ደቂቃ ያህል በእንግሊዝኛ ያስተምራል፤ መጨረሻ ላይ መምህሩ ይዘጋል። ጥሩ ትምህርት በገጠርም በከተማም እኩል ይድረስ የሚለው ሐሳብ መልካም ነበር። ግን ፕላዝማው «ገባችሁ?» ብሎ አይጠብቅም። ልጁ ቢጠፋበት ወደ ኋላ አይመለስም። መብራት ሲሄድ ደግሞ አብሮ ይሄዳል። በክፍሉ ውስጥ ቆሞ የቀረው መምህር ቴሌቪዥን ከፋችና ዘጊ ሆነ። እኔ እንደሚመስለኝ በዚያን ጊዜ ከመምህሩ ላይ የተወሰደው ሰዓት ብቻ አይደለም፤ በተማሪው ፊት የነበረው ግርማም ነው።

የዚህ ሁሉ ዘር ፍሬው በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ታየ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ኩረጃው ሲቀንስ እውነተኛው መልክ ወጣ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ወደ 900,000 ከሚጠጋ ተማሪ 30,000 እንኳ አልሞሉም። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ይህን ሁሉ መምህሩ ላይ ብቻ መጫን ግፍ ነው። ኮሮና ነበረ፤ ጦርነት ነበረ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የትግራይ መምህራን ከአንድ ዓመት በላይ ደመወዝ ሳያገኙ ቆይተዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል በነበረው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። ሆኖም ጥያቄው ይቀራል። ነገ መምህር የሚሆነው ማን ነው? ዩኒቨርሲቲ ያለፈው ጥቂቱ ልጅ መምህርነትን የማይመርጥ ከሆነ፣ ፊዚክስ ያልገባው ልጅ ፊዚክስ ሊያስተምር ይመለሳል። ከእርሱ የሚማረውም እንደዚያው።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ አንድ ባልና ሚስት ለምክር መጡ። ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውንና ከተማቸውን አልጽፍም። ልጃቸው ከዚያ 8.4 በመቶ ውስጥ ናት፤ ጥሩ ውጤት አላት። አባትየው «ሕክምና ትገባለች» ብሎ በቤት ለቤት ኅብረታቸው የጸሎት ርዕስ አስይዞ ነበር። ልጅቷ ግን «የሒሳብ መምህርት መሆን ነው የምፈልገው» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ከዚያ በኋላ ጸጥ አላለም።

እኔ አባትየው ነው የሚከራከረው ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፤ የተናገረችው እናትየው ናት። እናትየው ራሷ መምህርት ናት። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ አንድ ዓመት ሠልጥና በ1992 ዓ.ም. ገጠር ተመደበች፤ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ስታገባ ባሏም የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ሌላ ወረዳ ነበር። ዝውውር ጠየቀች፤ «ቦታ የለም» ተባለች። በሚቀጥለው ዓመትም ጠየቀች። ስድስት ዓመት በሁለት ቤት ኖሩ፤ ሁለት ኪራይ፣ ሁለት ምድጃ። ዲፕሎማዋን በክረምት ትምህርት ያዘች፤ ኋላም ዲግሪዋን እንዲሁ። ይህቺ ዛሬ የምንነጋገርባት ልጅ ጡት ሳትጥል ክረምት ክረምት ከአያቷ ጋር ትቀር ነበር።

«እህቴ» አለችኝ፤ «እኔ ሥራዬን እጠላዋለሁ ያልኩ እንዳይመስልሽ። አንደኛ ክፍል ያስገባኋቸው ዛሬ መንገድ ላይ ጋዜጠኛ፣ ነርስ፣ ነጋዴ ሆነው ‹ቲቸር› ብለው ያቅፉኛል። ግን ሁሉም ያቅፉኛል እንጂ ማንም ልጄን መምህር አድርጊልኝ አይለኝም። እኔ የበላሁትን አውቃለሁ። ልጄ አትበላውም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለዚህች እናት የሚሰጥ ፈጣን መልስ አልነበረኝም። ጥቅስ መዘዝ አድርጎ «ጥሪ ነው» ማለት ቀላል ነው። እሷ ከእኔ ይልቅ ስለ ጥሪ ታውቃለች፤ ሃያ ስድስት ዓመት ኖራበታለች።

ልጅቷን ለብቻ ጠየቅኋት። «እትዬ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን የሒሳብ መምህራችን በዓመቱ መሐል ለቆ ሄደ» አለችኝ። «ሌላ እስኪመጣ ወራት ፈጀ። ክፍለ ጊዜው ሲደርስ ዝም ብለን እንቀመጣለን። አንድ ቀን መጽሐፉን ይዤ ሰሌዳ ላይ ወጣሁ። የገባኝን ያህል ሠራሁ። በሳምንቱ ከሌላ ክፍልም መጥተው ቆመው ያዳምጡ ነበር። እማ የምትለው ሁሉ እውነት ነው፤ አይቻለሁ። ግን ሰሌዳ ላይ ስቆም የሚሰማኝን ሌላ ቦታ አላገኘሁትም።» ስለዚያ መምህር ጠየቅኋት፤ አሁን ከተማ ውስጥ መኪና ይዞ ሰው ያመላልሳል፤ አንድ ቀን እሷንም ጭኗት ነበርና ሒሳብ አልቀበልሽም አላት።

መምህር ለምን ይሄዳል ሲባል ሁላችንም ደመወዝ እንላለን። እውነት ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች ጭማሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው ጭማሪ ነው። የቤት ኪራይ የምትከፍሉ ግን ቀሪውን ራሳችሁ ቀንሱት። በደቡብ አንዳንድ አካባቢዎች ደግሞ ይኸው ደመወዝ ዘግይቶና ተቆራርጦ ሲከፈል እንደነበር በዜና ሰምታችኋል።

እኔ ግን በምክር ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የማየው ከደመወዝ ቀጥሎ ያለውን ነው፤ እሱም ዝውውር ነው። አዲስ ተጋቢዎች ናቸው፤ እሱ አንድ ወረዳ፣ እሷ ሌላ ወረዳ። በአንድ ክልል ውስጥ ከሆነ በየዓመቱ የሚሞላ ቅጽ አለ፤ ነጥብ ይቆጠራል፤ የአገልግሎት ዘመን፣ ትዳር፣ ሕመም ይታያል። ከክልል ወደ ክልል ከሆነ ግን ወይ ተቀባዩ ቦታ አለኝ ማለት አለበት፣ ወይ በተቃራኒው አቅጣጫ መሄድ የሚፈልግ ሌላ መምህር ፈልጎ መቀያየር ነው። በየትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ከዚህ ወደዚያ መቀየር የሚፈልግ» የሚል በእጅ የተጻፈ ወረቀት ያያችሁ ካላችሁ፣ እሱ ወረቀት የአንድ ትዳር ልመና ነው። ሦስትና አራት ዓመት ሲያልፍ ከሁለቱ አንዱ ሥራውን ይለቃል። አብዛኛውን ጊዜ የምትለቀው ሚስት ናት። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሴት መምህራን ጥቂት የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ሴት ልጆቻችንም ሒሳብ የምታስተምር ሴት ሳያዩ ያድጋሉ።

ታዲያ የጋብቻ ምክር ስንሰጥ ስለ ገንዘብ አያያዝ፣ ስለ አማት፣ ስለ ልጅ እንጠይቃለን። መምህራን የሆኑ ዕጩዎች ሲመጡ ግን «የት ተመደባችሁ? ዝውውሩ ባይመጣ እስከ መቼ ትችላላችሁ? ማን ወዴት ይሄዳል?» ብለን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? እኔ አሁን መጠየቅ ጀምሬአለሁ። የሠርጉ ቀን ከመቆረጡ በፊት ነው የምጠይቀው። አንዳንዶቹ ይከፋቸዋል፤ ቢከፋቸውም ይሻላል።

«መምህር እንደ ሻማ ነው፤ ራሱ እየቀለጠ ለሌላው ያበራል» የሚለውን አባባል በየምርቃቱ እንሰማዋለን። ሁላችንም እናጨበጭባለን። እኛ የአገልጋይ ቤተሰቦች ይህን ሻማ በደንብ እናውቀዋለን፤ ለእኛም ይባላል። አባባሉን የሚወዱት ግን ብዙ ጊዜ የሚቀልጡት አይደሉም፤ በብርሃኑ የሚቀመጡት ናቸው። ሻማ ካለቀ በኋላ ስለሚሆነው ማንም አይናገርም።

ወንጌላውያን አማኞች ስለ መምህር ስንናገር ባለዕዳዎች መሆናችንን መርሳት የለብንም። በባርነት ተሸጦ ነፃ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመ ሰው እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን። አብራው የደከመችው አስቴር ጋኖም እንደ እሱ ከባርነት የተረፈች ናት። ስለ ትርጉሙ ስንናገር ግን ሁለቱ መምህራን መሆናቸውን እንዘለዋለን። መጽሐፍ ቅዱሱ ከመውጣቱ በፊት የማንበቢያ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል፤ ማንበብ የማይችል ሕዝብ መጽሐፍ ቅዱስ ቢሰጠው ምን ይጠቅመዋል? እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ሲደርሱም ማስተማሩን ቀጠሉ። ከዚያም በኋላ በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የተካሄደው የየምሥራች ድምፅ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አለ፤ በየገጠሩ በሣር ቤት ውስጥ ፊደል የቆጠሩ ሽማግሌዎቻችን ምስክር ናቸው። በወላይታ፣ በከምባታ፣ በወለጋ የመጀመሪያው መምህርና የመጀመሪያው ወንጌላዊ አንድ ሰው የሆነበት ቦታ ብዙ ነው።

ዛሬስ? በየአጥቢያችን የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሲጠፋ ማንን ነው የምንልከው? እስቲ በሐቅ እንነጋገር፤ ኳየር ያልተቀበለችውን እህት እንልካለን። ድምፅዋ ካልሆነ ልጆች ታስተምር። ያው «ካልሆነ» ነው። መንግሥትን የምንወቅስበትን በጓዳችን እየሠራን ነው።

የትምህርት ሚኒስቴር መምህራንን በደረጃ ያስቀምጣል፤ ጀማሪ መምህር፣ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር እያለ ይወጣል። ይህን የማውቀው ከዚያች እናት ነው። በአጥቢያችን ውስጥ ማን ዲያቆን፣ ማን ሽማግሌ እንደሆነ ሕፃኑም ያውቃል፤ እሷ መሪ መምህርት መሆኗን ግን አጠገቧ የሚቀመጡትም አያውቁም ነበር።

ወደ ቤተሰቡ ልመለስ። እኔ ለልጅቷ መምህርት ሁኚ አላልኳትም፤ አትሁኚም አላልኳትም። ለአባትየው ግን አንድ ነገር ነገርኩት። የጸሎት ርዕሱን ቀይር አልኩት፤ ለኅብረቱ ሕክምና ትገባለች ብለህ ነግረሃልና ዛሬ የምትከራከረው ለልጅህ ነው ወይስ ለኅብረቱ? አልመለሰልኝም፤ ግን ፈገግ አለ። ለእናትየው ደግሞ ያ ስድስት ዓመት ባልና ሚስቱ ተቀምጠው ተነጋግረውበት እንደሆነ ጠየቅኋት። አልተነጋገሩበትም። ዝውውሩ መጣ፣ ዕቃቸውን አንድ ቤት አስገቡ፣ አለቀ። ባሏ እዚያው እያለ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለዚያ ዘመን ያለቀሰችው። እሱም እርሷ በሌለችበት እሑድ እሑድ ምን ይበላ እንደነበር ነገራት፤ አላወቀችም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ለሁለቱ ብቻ ሦስት ጊዜ ተገናኝተናል፤ ስለ ልጅቷ ብዙም አላወራንም።

ከልጅቷ ጋር ደግሞ ቁም ነገሩን አሰላን። ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ባለፉት ዓመታት የተለመደው መንገድ በትምህርት ዓይነቱ ዲግሪ ይዞ ከዚያ አንድ ዓመት የማስተማር ሙያ ዲፕሎማ መጨመር ነበር፤ ኮተቤም ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ሒሳብ ከተማረች በር አይዘጋባትም፤ ሌላ ሥራም ይከፍትላታል። እናትየው ይህን ስትሰማ ትንሽ ተንፈስ አለች፤ «ለካ መውጫ አለው» አለች። እኔ ግን በልቤ፣ መምህርነትን የምናጸድቀው መውጫ ሲኖረው ብቻ ነው ወይ? አልኩ።

ልጅቷ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርቷን እየተማረች ነው። የትምህርት ክፍል የምትመርጠው በዓመቱ መጨረሻ ነው። እናትየው እስከዚያ ልጄ ሐሳቧን ትቀይራለች ትላለች። ልጅቷም ስለ እናቷ እንዲሁ ትላለች።

በመምህርነት የምታገለግሉ ባለትዳሮች፣ በተለይ በዝውውር ምክንያት ተለያይታችሁ የኖራችሁ ወይም አሁንም ተለያይታችሁ ያላችሁ፣ እንዴት እንዳለፋችሁት ጻፉልኝ። አጥቢያችሁ በዚያ ጊዜ ያደረገላችሁን፣ ሳያደርግላችሁ የቀረውንም ጭምር ጻፉ። ስማችሁን ሳልጠቅስ በሚቀጥለው እትም አቀርበዋለሁ። የወረዳችሁን ስም ግን አትርሱ፤ ምናልባት በዚያ በኩል መቀያየር የሚፈልግ ሌላ አንባቢ ይኖራል።